ነሐሴ ላይ አቧራ

ፎቶውን የላክሁት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሰዓቱ ከሥሩ ተጽፎ እስከ ዛሬ የቤተዘመዱ ግሩፕ ውስጥ አለ። «አጥፊው እንጂ» ያሉኝ ነበሩ፤ አላጠፋሁትም።

ወሩ ነሐሴ 2015 ነው። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል፣ አማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ ጎንደር ተኩስ እንዳለ አገር ሁሉ ያወራል። የአክስቴ ልጅ የሚሠራው እዚያው ጎንደር ነው። ስልኩ አንዳንዴ ይጠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያቺ የለመድናት ድምፅ ልናገኘው እንደማንችል ትነግረናለች። እኔ ሱቄ ውስጥ ደንበኛ ጠፍቶ ቁጭ ብያለሁ። አንድ ብዙ ተከታይ ያለው የቴሌግራም ቻናል ፎቶ ለቀቀ፦ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ይነዳል፣ ጥቁር ጭስ ወደ ላይ ይግተለተላል፣ ሰዎች ይሮጣሉ። ከላዩ «ጎንደር፣ አሁን!» ይላል። «እግዚኦ» የምትል አንዲት ቃል ጨመርኩና ለቤተዘመዱ አሳለፍኩት። ወዲያው ደንበኛ ገባ፣ መታወቂያ በሁለት ኮፒ፤ ፎቶውን ረሳሁት።

አክስቴ የደም ግፊት አለባት፣ ማንበብም አትችልም። ፎቶውን ያሳየቻትና ጽሑፉን ያነበበችላት የጎረቤት ልጅ ናት። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እማዬ ደውላ «አክስትሽ ወድቃ ሐኪም ቤት ወስደዋታል» አለችኝ። ሁለት ሌሊት አደረች። በሦስተኛው ቀን ልጇ በሰው ስልክ ደወለ፤ ደህና ነው፣ ቤቱን ዘግቶ ነው የሰነበተው። ስለሚነደው ሕንፃ ሲጠይቁት «የቱ ሕንፃ?» አለ።

ሳምንት ሳይሞላ አንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም መጣች። ማሽኑ እያተመ ሳለ ሆዴ ስላልቻለ ነገሩን አወራኋት። «እስቲ አሳይኝ እትዬ» ብላ ስልኬን ተቀበለችኝ። ፎቶውን ወደ ስልኬ አስቀመጠችው፣ ጉግል ሌንስ የሚባለውን ከፈተች፣ ፎቶውን ሰጠችው። ቡና ለመቅዳት የሚፈጀውን ያህል እንኳ አልፈጀም፦ ያው ሕንፃ፣ ያው ጭስ፣ ሶሪያ ውስጥ፣ ዓመታት ያለፉት። ከዚያ ስልኩን ስትመልስልኝ እንደ ዋዛ አንድ ነገር አለች፦ «ደግሞ አቧራውን አላየሽውም እትዬ? ነሐሴ እኮ ነው።»

አየሁት። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ሰዎቹ በሮጡበት ነጭ አቧራ ቦኗል፣ ሰማዩ ደመና የሚባል የለበትም። እኔ ያንን ፎቶ በላክሁበት ሰዓት ደጄ ላይ ዝናቡ ይዶፋል፤ ወረቀቱ እንዳይረጥብብኝ በሩን ገርበብ አድርጌ ነበር። የጎንደር ክረምት ደግሞ ከአዲስ አበባው አያንስም። ዓይኔ አይቶት ነበር፤ ያላየሁት እኔ ነኝ።

የምጽፈው ስለዚያ ቀን ብቻ አይደለም፤ እዚያ ቀን ላይ እንዴት እንደደረስኩና ከዚያ ወዲህ ምን እንዳደረግሁ ነው። እንደኔ ስልክ ይዞ የሚተኛ፣ ስልክ ይዞ የሚነሳ ሰው ካለ ይጠቅመው ይሆናል።

ያለችኝ አንዲት ኮፒ ቤት ናት። ሁለት ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ላሚኔት ማድረጊያ። ወረዳ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ስለሆነች ቀኑን ሙሉ ፎርም አትማለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሰው ሲበዛ እጄ አያርፍም፤ ሰው ሲጠፋ ኢንተርኔቱ አለ። ችግሬ ያለው እዚህ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ነው።

ለፖለቲካ ባዳ አልነበርኩም። በ1997 የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በክርክሩ ሰሞን ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት እንደ ለቅሶ ቤት ይሞላል፤ ቡና እየተፈላ ኢህአዴግና ተቃዋሚዎች ስለ መሬትና ስለ ኢኮኖሚ ፊት ለፊት ሲፋጠጡ እናያለን፣ እነሱ ሲጨርሱ እኛ እንጀምራለን። በማግስቱ አራት ኪሎ ሄጄ ጋዜጣ ከሚያከራዩት ልጆች በሳንቲም እከራይና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ተከራይ ስለሆንኩ ቶሎ መመለስ አለብኝ። ደግሞም ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ነበረው፤ ስፖርቱ ጋ ስደርስ ተነስቼ እሄዳለሁ። ግንቦት 7 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መረጥኩ። ቅንጅት ከ138ቱ የአዲስ አበባ ምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ። የተከተለውን ዕድሜው የደረሰ ሁሉ ያውቀዋል። ከምርጫው በኋላ የተነሳውን ሁከት ያጣራው ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸውን መዘገበ፤ የሞባይል የጽሑፍ መልእክት እንኳ ተዘግቶ የተመለሰው ሚሊኒየሙ ሲቃረብ ነው።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ፖለቲካ የሚባል አልሰማም አልኩ። በ2002 ኢህአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ ሲባል ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ያስለቀሰኝም ሽንኩርቱ ነው።

ሰኔ 2010 ላይ ተዘግተው የቆዩ 264 ድረ ገጾችና ብሎጎች ተከፈቱ ሲባል ግን አንድ ነገር ነቃብኝ። ያ የጎረቤት ሳሎን የተመለሰ መሰለኝ። ዘመናዊ ስልክ ገዛሁ፣ ፌስቡክ ከፈትኩ፣ ዩቲዩብ ተከተልኩ፣ ቴሌግራም ላይ አርባ ምናምን ቻናል ገባሁ። የተመለሰው ግን ሌላ ነገር ነበር።

በአንድ በኩል የመንግሥት ጣቢያዎች አሉ። እነሱ ዘንድ ዓለም የምትሽከረከረው በሦስት ግሦች ነው፦ ተገለጸ፣ ተጠቆመ፣ ተመላከተ። ማን ገለጸ፣ ለማን፣ ከዚያስ ምን ሆነ ብሎ ነገር የለም። ምረቃ፣ ስብሰባ፣ ጉብኝት፣ ችግኝ። እንጀራ በምን ያህል እንደገባ የማያውቅ ዜና ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ዩቲዩቦቹ አሉ፤ የእነሱም ቃል ከሦስት አይበልጥም፦ ሰበር፣ አፈትልኮ የወጣ፣ ሳይጠፋ ይመልከቱት። ፊቱን ያጨማደደ ባለሥልጣን ምስል፣ ቀይ ቀስት፣ ቢጫ ጽሑፍ። ትከፍተዋለህ፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው፣ አምስቱ ሰብስክራይብ አድርጉ ነው፣ የቀረው ርዕሱን በሌላ ቃል መድገም ነው። አንደኛው ምንም እንዳልሆነ ይነግርሃል፣ ሁለተኛው ሁሉም ነገር ዛሬ ማታ እንደሚያልቅ። መሀል ላይ ያለውን፣ በእርግጥ የሆነውን የሚነግርህ ጥቂት ነው፤ ያለውም ቀዝቃዛ ስለሆነ አይታይም።

ለምን እንደማይታይ የገባኝ ዘግይቶ ነው። መስከረም 2014 ላይ ፍራንሰስ ሆገን የምትባል የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ የኩባንያውን ሰነዶች ይዛ አሜሪካ ምክር ቤት ቀርባ ስትመሰክር የኢትዮጵያን ስም አንስታ ነበር። ከእነዚያ ሰነዶች አንዱ ስለ ቀይዋ ፊት ነው፤ ሰው ሲናደድ የሚጫናት ቀይ ፊት። ከ2017 ጀምሮ (በእነሱ አቆጣጠር) ቀይዋ ፊት እንደ አምስት ላይክ ትቆጠር ነበር። ያናደደን ጽሑፍ ለሌላው ሰው ቀድሞ ይቀርብ ነበር ማለት ነው። ቀይዋን ፊት ወደ ዜሮ ያወረዷት በሴፕቴምበር 2020 ነው። እኔ በነዚያ ዓመታት ስንት ቀይ ፊት እንደጫንኩ እግዜር ይወቀው። ተቃውሞዬን እየገለጽኩ ነበር የመሰለኝ፤ ለካ የጠላሁትን ነገር እየሸጥኩ ኖሯል።

ምርጫውን ላውራ። ሰኔ 14 ቀን 2013። ምርጫው ነሐሴ 2012 መሆን ሲገባው በኮሮና ተላልፎ ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተሰለፍኩ። ዝናብ ነበር፣ ሰልፉ አይንቀሳቀስም፣ ወረቀት ዘገየ ይባላል፣ ሰው ግን አይሄድም፤ ጃንጥላ የያዘው ያልያዘውን ያስጠልላል። ምርጫ ቦርድ ሰዓቱን እስከ ምሽቱ ሦስት አራዘመው። ከኋላዬ የቆሙ አዛውንት «ልጄ፣ በንጉሡም መርጫለሁ፣ በደርግም መርጫለሁ፤ እንደዚህ ግን አልበሰበስኩም» እያሉ ያስቁናል። ተራዬ ደርሶ መጋረጃው ውስጥ ገባሁ። አንድ ወረቀት ለፓርላማ፣ አንድ ለከተማው ምክር ቤት። የእጩዎቹን ስም አነበብኩ። ምልክቶቹን አውቃለሁ፣ ፓርቲዎቹን አውቃለሁ፣ መሪዎቹ ትናንት ማታ ማንን ምን እንዳሉ አውቃለሁ። ከስሞቹ ግን አንዱንም አላውቅም። አንዱንም! በቀን ስድስት ሰዓት ስለ ፖለቲካ የምሰማ ሴት የሰፈሬ እጩ ማን እንደሆነ፣ መምህር ይሁን ነጋዴ፣ ስለ ውሃችን ምን እንዳለ አላውቅም። የእጩዎቹ በራሪ ወረቀት እኮ ኮፒ የተደረገው እኔ ሱቅ ነው። ብሩን ተቀብዬ አሳለፍኩት እንጂ አላነበብኩትም።

በማግስቱ ዩቲዩብ ላይ ሁሉም የየራሱን ውጤት ያወጃል። እኔም እያፈራረቅሁ እሰማለሁ። ማታ ወደ ቤት ስሄድ የመረጥኩበትን ጣቢያ አለፍኩ፤ የቆጠራው ውጤት በሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በእጅ የተጻፈ፣ የተፈረመበት፣ ጠርዙ በዝናብ የረጠበ ወረቀት። ሕጉ ጣቢያው ላይ ይለጠፍ ስለሚል ነው። ሁለት ሰው ብቻ ቆሞ ያነባል። ቀኑን ሙሉ ከዋሽንግተን ስጠብቀው የዋልኩት ቁጥር ከሱቄ አምስት ደቂቃ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

በ2015 ደግሞ አምስት ወር የተዘጋብን ጊዜ አለ። ከየካቲት 2 እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ። ደንበኞቼ ፋይል በቴሌግራም ነበር የሚልኩልኝ፤ ወደ ፍላሽ ተመለስን፣ ከፍላሹ ጋር ቫይረሱም ተመለሰ። የዘጋው መንግሥት ነው፤ ማንንም አላማከረም። ይህን ስል ደግሞ የራሴን አልደብቅም፦ ሰው በሰልፍ እየመጣ ቪፒኤን ጫኝልኝ ሲለኝ በሰላሳ ብር እየጫንኩ ሠርቻለሁ። ባትሪ ይጨርሳል፣ ፓኬጅ ይበላል፣ ከየት እንደመጣም አይታወቅም። ያ ጊዜ ከስልኬ እረፍት ሊሆነኝ ይችል ነበር። ግን የተከለከለ ነገር ይጣፍጣል፤ እንደዚያ ጊዜ ተጠቅሜ አላውቅም። ስለዚህ «መንግሥት ቢዘጋው ይሻለን ነበር» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አልስማማም። ጎንደርም ኢንተርኔቱ ባይዘጋ የአክስቴ ልጅ «ደህና ነኝ» ብሎ በጻፈ፣ የእኔ ፎቶም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ውሸት በሆነ ነበር። ወሬ የሚፋፋው እውነቱ የሚናገርበት ስልክ ሲዘጋ ነው።

ከአክስቴ ነገር በኋላ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያደረግሁት አልሠራም፦ ሁሉንም አጠፋሁ። በዘጠነኛው ቀን ሁሉንም መልሼ ጫንኩ፤ እንዲያውም የቀረብኝን ለማካካስ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አየሁ። ስልኬ ሳምንታዊ ድምሩን ሲነግረኝ በቀን ስድስት ሰዓት ከአርባ ይላል። ጾም የማያውቅ ሰው አርባ ቀን ልጹም ሲል እንደሚሆነው።

የሠራልኝ ነገሩን ከቦታው ማንቀሳቀስ ነው። ቴሌግራምን ከስልኬ አውጥቼ ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ብቻ አደረግሁት፤ ሥራዬ ስለሆነ መተው አልችልም። ማታ በሩን ስዘጋ አብሮ ይዘጋል። ፌስቡክና ቲክቶክ ከስልኬ ወጡ። ስልኬ ላይ የቀረው መደወያው፣ መልእክቱና ቴሌብሩ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አውራ ጣቴ ብቻዋን እየሄደች ፌስቡክ የነበረበትን ባዶ ቦታ ትነካ ነበር፤ እንደ ወለቀ ጥርስ ምላስ የምትሄድበት። አልፎልኛል። ከቻናሎቹ አራት ብቻ ቀሩ። የትኛውን ላስቀር ብዬ ስቸገር ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፦ ይህ ቻናል ተሳስቼ ነበር ብሎ ያውቃል? ከአርባዎቹ ውስጥ ብለው የሚያውቁት ሦስት ናቸው። አራተኛው የምግብ አሠራር ነው።

ዜና በሬዲዮ ነው አሁን የምሰማው፣ በቀን አንዴ፣ ከሰዓት በፊት፤ ማታ አይደለም። ማታ የሰሙት ዜና ምንም ሊያደርጉበት አይቻልም፣ አብሮ ይተኛል።

ፎቶና ቪዲዮ ሲመጣልኝ የዚያችን ተማሪ መንገድ እከተላለሁ፤ ግን ሌንሱን ከመክፈቴ በፊት ዓይኔን እጠቀማለሁ። ዝናብ ነው ወይስ ፀሐይ? የመኪናው ሰሌዳ ላይ አአ ነው፣ ኦሮ ነው፣ አማ ነው ወይስ የእኛ ፊደል የለበትም? የሱቁ ጽሑፍ በምን ቋንቋ ነው? ሰዎቹ የለበሱት ጋቢ ነው ወይስ ሌላ? ጥላው የቱ ጋ ነው፣ ጠዋት ነው ማታ? ከአሥሩ ስድስቱ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ካላወቅሁት ሌንሱ ውስጥ አስገባለሁ፤ እዚያ ከሚመጣው ውስጥ የመጀመሪያውን ሳይሆን ቀኑ አሮጌ የሆነውን እፈልጋለሁ። ከድሮ ቀን ጋር ከተገኘ የዛሬ አይደለም፣ አለቀ። ካልተገኘ ግን እውነት ነው ማለት አይደለም፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ለንግግር ቪዲዮ ደግሞ ሙሉውን ካላገኘሁ ቁራጩን አልቆጥረውም። «እንዲህ ብለው የሚያወሩ አሉ፣ እኔ ግን አልስማማም» ብሎ የተናገረን ሰው ኋለኛውን ቆርጠው የመጀመሪያውን ብቻ ሲያሰራጩ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውየው በማያምንበት ነገር ተሰደበ፤ ከተሳዳቢዎቹ አንዷም እኔ ነበርኩ።

በጣም ካስጨነቀኝ አሳድረዋለሁ። እማዬ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትላለች፤ እኔ ቃል በቃል ነው የያዝኩት። ዛሬ የመጣ ነገር እስከ ነገ ጠዋት አይተላለፍም። ነገ ጠዋት ግማሹ ራሱን ይበላል።

አዋጁንም ያነበብኩት በአጋጣሚ ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012። ስለ እሱ በፌስቡክ ሁለት ዓመት ሙሉ ተጨቃጭቄያለሁ፤ አንድ ጠበቃ ነጋሪት ጋዜጣውን ኮፒ አድርጊልኝ ብሎ ሲያመጣው ነው ገጹን ያየሁት። በአንዱ ዓምድ አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ፣ ጥቂት ገጽ ነው፤ ከአንድ የዩቲዩብ ቪዲዮ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ከአምስት ሺህ በላይ ተከታይ ያለው ሰው ቅጣቱ እንደሚከብድ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስከራከርለት የነበረው ነገር ውስጡ የለም፣ ስከራከርበት ያልነበረው ደግሞ አለ። የሐሰተኛ መረጃ ትርጉሙ ላላ ያለ ነው፣ ማንንም ሊያስገባ ይችላል፤ ይህን ስጋቴን ግን አሁን አንቀጹን ይዤ ነው የምናገረው። ጠበቃውን ሁለተኛ ኮፒ ለራሴ ላስቀር ብዬ ጠየቅሁት። «ኮፒ ቤቱ ያንቺ» አለኝ።

አሁን የወንድሜ ነገር። ታላቄ ነው፣ ሜሪላንድ ይኖራል፣ ታክሲ ይነዳል። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ሰዓታት መኪና ውስጥ ይቀመጣል፤ ያን ሰዓት የሚሞላለት ዩቲዩብ ነው። እኛ ስንተኛ እሱ ይጽፋል፣ ጠዋት ስንነሳ ሰላሳ መልእክት ይጠብቀናል። «እናንተ እዚያ ሆናችሁ የሚደረግባችሁን አታውቁትም» ይላል። እኔም «ወንድም ጋሼ፣ አንተ እዚያ ሆነህ የሚደረግልንን አትኖረውም» እላለሁ። አንድ ቀን፣ የፋሲካ ዋዜማ ነው፣ እዚህ ዶሮ እየተገነጣጠለ፣ ስለ አንድ ንግግር ተጣላን። የማይባል ቃል አልኩት፤ ስለ ታክሲው። ከግሩፑ ወጣ። ስምንት ወር አልተነጋገርንም። እማዬ በየሳምንቱ በየተራ ታወራናለች፣ አንዳችን የሌላውን ስም አንጠራም።

ያስታረቀን ሽማግሌ አይደለም፣ የቆጣሪ ሂሳብ ነው። የእማዬ ቤት መብራት የተመዘገበው በእሱ ስም ስለነበር ውክልና ፈልጌ ደወልኩ። በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ። ሲያነሳ አሳለ፤ ያ የድሮ ሳሉ፣ አባታችን የሚያስለው ዓይነት። ስለ ውክልናው አሥር ደቂቃ አወራን፣ ስለ ሳሉ ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ወዲህ ቃል አለን፦ ፖለቲካ በጽሑፍ የለም። ማውራት ያማረው ይደውል። ያኔ ቁጣውም ይሰማል፣ ሳሉም ይሰማል። አሁንም በብዙ ነገር አንስማማም። ባለፈው በስልክ ጮኸብኝ፤ ከዚያ «ዝናቡ ገባ እንዴ፣ ጣሪያው ላይ ይሰማኛል» አለ።

ከአክስቴ ጋር ግን እንደ ድሮው አይደለንም። ስሄድ ትስመኛለች፣ ቡና ታፈላለች። ከእኔ ስልክ የሚመጣ ነገር ግን አታስነብብም። ልጇ ነው የነገረኝ። መብቷ ነው።

ከስልኬ የተረፈው ሰዓት ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ እንቅልፍ ሆነ። ቀጥሎ አንድ ቀን ሱቄ ደጃፍ ላይ ያለው ቦይ ሞልቶ ውሃው እስከ ማሽኖቹ ገባ። ሦስተኛ ክረምቱ ነው። ሁልጊዜ የማደርገው ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ «ይቺ ናት ከተማችን» ብሎ መለጠፍ ነበር፤ ስልሳ ሰው ቀይ ፊት ይጫናል፣ ውሃው ግን አይወርድም። በዚያን ቀን ፌስቡኩ የለም። ቁጭ ብዬ አሰብኩ፦ በዚህ ወንበር ላይ ለሰው በመቶ የሚቆጠር ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ለራሴ አንድ የለም።

ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ የጎርፍ መፋሰሻ ቦይ እንዲሠራልን ስለመጠየቅ።» ከመንገዱ ሁለት ወገን ሃያ ሦስት ሰው አስፈረምኩ፣ ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ በፖለቲካ ሰላም አንባባልም። ለወረዳው አስገባሁ፤ ቅጂውን ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ተወካያችን ይወቀው ብዬ ስሙን ጠየቅሁ። መረጃ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ አየችኝ። «ለምን ፈለግሽው?» አለችኝ፤ ክፋት የለባትም፣ እውነት ገርሟት ነው። ጠይቃ ትመጣለች ተባለ፣ ከሦስት ክፍል በኋላ ስሙ ተገኘ። በ2013 መጋረጃ ውስጥ ያነበብኩት ስም መሆን አለበት፤ አላስታወስኩትም።

ነገ ነይ ተባልኩ። ሄድኩ። የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ነው። ሄድኩ። መሐንዲስ ይላካል። ሄድኩ። አንዳንዴ አመላልሰው ሲያሰለቹኝ ስልኬን ከፍቼ ልሳደብ ያምረኛል፤ ይህን አልደብቅም፣ ስድብ ፈጣን ነው፣ ወንበርም አያስጠብቅም። እንደኔ የምትጀምሩ ካላችሁ ግን አንድ ነገር ያዙ፦ ማመልከቻ ስታስገቡ መዝገብ ቤት ቁጥር እንዲያወጡበት አድርጉ፣ በእናንተ ቅጂ ላይ ማህተምና ቀን ይኑርበት። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ ያልተጻፈ ማለት ነው። በሄዳችሁ ቁጥር ቀኑንና ያናገራችሁትን ሰው የሥራ መደብ ከጀርባው ጻፉበት። የእኔ ቅጂ ጀርባ ላይ አሥራ አንድ ቀን ተጽፏል።

በአሥራ ሁለተኛው አካፋና ዶማ የያዙ ልጆች መጡ። ቦዩን ከአስፋልቱ ጀምረው እስከ ዳቦ ቤቱ ቆፈሩ፣ ድንጋይ ደረደሩ፣ ከዚያ ዳቦ ቤቱ ጋ አቆሙ። የእኔ ሱቅ ከዳቦ ቤቱ በታች ነው። የቀረው በሚመጣው በጀት ዓመት ነው አሉ። ሁለተኛውን ማመልከቻ ትናንት አስገባሁ፤ የመጀመሪያውን ቁጥር ጠቅሼበታለሁ፣ ፈራሚዎቹ ሠላሳ አንድ ሆነዋል።